ልኬ

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በወጣሁ በሦስተኛው ቀን
አንጓች ሜትሬን አንሥታ ለካችው ጭኔን።
"ሠላሳ ስምንት" አለች፤ ደግማ ለካች፤ ዝም አለች፤
በልጃችን ደብተር ጀርባ በእርሳስ ጻፈች።

ስንቱን ሰው ለክቻለሁ በዚህ ቢጫ ገመድ፣
ሙሽራ፣ ዳኛ፣ ወታደር፣ ባዳና ዘመድ፤
ራሴን ግን ለክቼ አላውቅም፣ በግምት ነው የኖርሁ፤
ዛሬ እንደ ቁራጭ ጨርቅ በሴንቲ ሜትር ተቆጠርሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ማሽን ነው የተነፈሰልኝ።
ከዚያ ሁሉ ቀን ጥቂት ነው የቀረልኝ፦
ጉሮሮዬን የሞላ ቱቦ፣
ጣሪያው ላይ የጉንዳን ሰልፍ፣ እኔ ብቻ ያየሁት፣
ወደ ንጋት ላይ "አያ ቢያድግ፣ አይዞህ" የሚል ድምፅ፣
የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልለየሁት።

ሐኪሙ ሲሸኘኝ "ሳንባህ ድኗል፣ ጡንቻህ ነው የቀረው" አለኝ፤
የቀረውን ከወዴት እንደማመጣው ግን አልነገረኝ።

ከአልጋዬ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው።
ድሮ ማን ቆጥሮት! ዛሬ አዘዞ ድረስ የመሄድ ያህል ነው።
ልቤ ዳገት እንደያዘ ባጃጅ ይንደቀደቅብኛል፤
ጉልበቴ ሳያማክረኝ "ቁጭ በል" ይለኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ደረጃው ላይ ወደቅሁ።
ሦስት ድንጋይ ናት። እዚያው ተቀምጬ አለቀስሁ።
አንጓች ልታነሣኝ ስትሮጥ "ተዪኝ!" ብዬ ጮህሁ፤
ድምፄ ግን ከቱቦው ወዲህ ከሹክሹክታ አይዘልም፤
እንደ ልመና ወጣ። እሷም ቁጣ ብላ አልቆጠረችውም።

ስንት ሺህ ቁልፍ የተከለች ጣት
አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃታት።
ናርዶስ ቀዳዳዋን ያዘችልኝ፤ "ቀስ በል አባዬ" አለችኝ፤
ያስተማርኋትን በራሴ ቃል መለሰችልኝ።

ጠያቂው ሁሉ "እንደ ፋሲል ግንብ ያጽናህ" ይለኛል።
ግንቡም በእንጨት ተደግፎ ሲጠገን አይቻለሁ እኮ፤ ማን ያስታውሰዋል?
እትየ ማንጠግቦሽ በየጧቱ እንቁላል ትልካለች፤
ዶሮዋ መታመሜን የሰማች ይመስል ሳትታክት ትጥላለች።

ስሜ ቢያድግልኝ ነው። እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራ
ያወጣችው ስም ነው፣ ግማሹ ተስፋ፣ ግማሹ አደራ።
ሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ሲጠራኝ "አቤት" ስልበት ኖርሁ፤
አሁን ማታ ማታ ጭኔን ይዤ እኔው እጠራበት ጀመርሁ።
ቢያድግልኝ።
ቢያድግልኝ።

አቶ ወረታው ሊጠይቁኝ መጡ። ሱሪያቸው በጠመኔ እንደተሠመረ
ከጥቅምት ጀምሮ ማሽኑ ላይ ተንጠልጥሎ ነበረ።
ስለ ሱሪው አላነሡም። ስለ አዝመራ አወሩ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፤
ሲወጡ ግን ዓይናቸው እሱ ላይ አንድ አፍታ ረጋ።

ያን ማታ ፔዳሉ ላይ እግሬን አኖርሁ።
ቀኙ እምቢ አለ። ግራውን ደረብሁ።
መርፌው አንዴ ወረደ፤ ሁለቴ፤ ሦስቴ፤ ቆመ።
ስፌቱም ከጠመኔው ወጥቶ ተጣመመ።
ስንዝር አይሞላም።
ፈታሁት። በማግሥቱ ስንዝር ሞላ። በሦስተኛው ቀን ደከመኝ፤ ተኛሁ።
ለጥምቀት የታሰበው ሱሪ ለፋሲካ እንደሚደርስ አወቅሁ።

ዛሬ አንጓች ለካችኝ፤ አርባ ሁለት።
ልትጽፍ ስትጎነበስ የቀሚሷ እጅጌ ሰፋባት።
እኔው የሰፋሁት ነው፣ ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤
እንዲህ ሊሰፋት አይገባም። ሜትሩን ከእጇ ተቀበልሁ።
"እኔ ደግሞ ምን ሆኜ?" አለች። ክንዷን ዞርሁበት።
ሦስት ሴንቲ ሜትር ጎድላለች፣ ማንም ሳይለካት።

እርሳሱን አነሣሁ። ከእኔ ቁጥር ጎን
በሚንቀጠቀጥ እጄ ጻፍሁ የእሷን።
"ከነገ ጀምሮ ከእንቁላሉ አንዱ ያንቺ ነው" አልኋት።
እንደ ዱሮው "በሞቴ" ልል ነበር፤
አፌ ላይ ደርሶ መለስሁት።